ሲሚንቶ በከረጢት፣ ውሃ በግምት

አጋሮ ከተማ ውስጥ ነው። አንድ አንጋፋ የቡና ነጋዴ መጋዘናቸው በር ላይ ቆመው ከገጠር የመጣ ቡና ይረከባሉ። ጆንያው ውስጥ እጃቸውን ሰድደው ፍሬ ያወጣሉ፤ በጥርሳቸው ነክሰው እርጥበቱን ይፈትናሉ፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያሸታሉ፤ በመጨረሻም «ሚዛን ላይ አውጣው» ይላሉ። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በእርሳቸው መጋዘን 17 ኪሎ ላልሞላ ፈረሱላ ተከፍሎ አያውቅም።

በዚያው ሰዓት አዲስ ቤት ከሚያሠሩበት ግቢ ግንበኛው መጣ። «ሐጂ፣ ለአርማታው 50 ኩንታል ሲሚንቶ ይዘዙልን፤ ከጎደለ እንጨምራለን» አላቸው። ሐጂም «አንተ ታውቃለህ» ብለው ስልካቸውን አነሱ። ስንት ሜትር ኩብ አርማታ ነው? በምን ውህድ? አሸዋውስ የየት ነው? ብሎ የጠየቀ የለም። ለአንድ ፈረሱላ ቡና ሩብ ሰዓት የሚከራከሩት ሰው 100 ከረጢት ሲሚንቶ በሁለት ቃል ገዙ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሐጂን ለመውቀስ አልተነሣም። ከጅማ እስከ ቦንጋ፣ ከሊሙ ገነት እስከ ሚዛን ተፈሪ ቤት የሚያሠራው ብዙው ነጋዴ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ክርክሬ አንድ ነው። በቡና ከተሞቻችን ለቤት የወጣ ገንዘብ የሚባክነው ሲሚንቶ ስለተወደደ ብቻ አይደለም። ውዱ ዕቃ፣ ሲሚንቶው፣ ሳይሰላ ስለሚታዘዝ፣ ዋጋ የለውም የሚባለው ዕቃ፣ ውሃው፣ ደግሞ ሳይለካ ስለሚጨመር ነው።

የቡና ገንዘብ የት ይገባል?

በጅማ ዙሪያ የቡና ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይጧጧፋል። ገንዘቡ ከኅዳር ጀምሮ ኪስ መግባት ይጀምራል፤ ዝናቡ ደግሞ ከግንቦት ጀምሮ ይጠነክራል። በመሆኑም ግንባታው ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ይታጨቃል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሚንቶ፣ በአንድ ጊዜ ግንበኛ፣ በአንድ ጊዜ መኪና ይፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። በዚያው የበጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከቡና ወጪ ንግድ ያገኘችው ገቢ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከዚህ ገንዘብ ወደ ቡና ከተሞቹ የሚመለሰው ድርሻ ከባንክ ደብተር ይልቅ ግድግዳ ላይ ማረፍ ይወድዳል።

ጅማ ግን የሲሚንቶ ፋብሪካ የላትም። ሙገርም ሆነ ደርባ፣ ሆለታ ያለው ሐበሻም ሆነ በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ የተመረቀው ለሚ፣ ያሉት ከአዲስ አበባ በስተሰሜንና በስተምዕራብ ነው። ከረጢቱ አዲስ አበባን ከለቀቀ በኋላ በወሊሶ፣ በወልቂጤና በጊቤ አድርጎ ጅማ ለመድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አጋሮ የሚወርድ ከሆነ ሌላ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። አጋሮ ላይ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሲባክን የፋብሪካው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የ400 ኪሎ ሜትር የመኪና ኪራይም አብሮ ይባክናል ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ አገር ሲሚንቶን በዓይን መገመት ከማንም በላይ የማይፈቀድለት የጅማ ሰው መሆን ነበረበት።

ነፃው ዕቃ

በኢኮኖሚክስ ትምህርት መጀመሪያ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ፣ ሰው ውዱን ይቆጥባል፣ ርካሹን ይረጫል የሚለው ነው። የግንባታ ግቢ ውስጥ ይህ ሕግ ዐይናችን እያየ ይሠራል። ሲሚንቶ ውድ ነው፤ ውሃ ከበርሜል ይቀዳል። የቀን ሠራተኛው ጠጠር ያለ አርማታ በአካፋ ሲያገላብጥ ወገቡ ይቆረጣል። አንድ ባልዲ ውሃ ሲደፋበት ግን ይቀልለታል፤ ጣውላው ውስጥ እንደ ሾርባ በራሱ ይፈስሳል፤ ሥራውም በጊዜ ያልቃል። ባለቤቱም «ሲሚንቶ ሳይበዛ ተሠራልኝ» ብሎ ደስ ይለዋል።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳፍ ኤብራምስ በ1918 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ከብዙ ሙከራ በኋላ ያወጣው ሕግ ግን ዛሬም አልተሻረም። ዕቃው ደህና እስከሆነና አርማታው በደንብ እስከተጠቀጠቀ ድረስ፣ ጥንካሬውን የሚወስነው የውሃው ክብደት ለሲሚንቶው ክብደት ያለው ንጽጽር ነው። በ50 ኪሎ ከረጢት ላይ 25 ሊትር ውሃ ቢገባ ንጽጽሩ ግማሽ ነው፤ ደህና አርማታ ይሆናል። 35 ሊትር ቢገባ ንጽጽሩ 0.7 ይደርሳል፤ ጥንካሬው ከሲሶ በላይ ይወርዳል።

ይህን ወደ ገበያ ቋንቋ እንመልሰው። የመጀመሪያው ንጽጽር እንዳይናጋ ለተጨመረው 10 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ሲሚንቶ መጨመር ነበረበት። የውሃው እውነተኛ ዋጋ ይህ ነው። 10 ሊትር «ነፃ» ውሃ 20 ኪሎ ሲሚንቶ ይበላል። ሐጂ ከአንድ ከረጢት ላይ 20 ኪሎ የሰረቀ ሠራተኛ ቢይዙ ፖሊስ ይጠራሉ። ባልዲ ይዞ የቆመውን ግን «በርታ ልጄ» ይሉታል።

የሚገርመው ደግሞ ውሃ የሚበዛው በማይፈለግበት፣ የሚጠፋው በሚፈለግበት ሰዓት መሆኑ ነው። አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ስለሚያገኝ ከ10 ቀን ባያንስ ይመረጣል፤ ጣውላውም ቶሎ አይነሣም። በጥርና በየካቲት ጅማ ፀሐይ ናት። ግንበኛው ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል፤ ጠዋትና ማታ የሚያጠጣ ሰው ግን አልተቀጠረም። የቡና ነጋዴ ቤት አሮጌ ጆንያ አይጠፋም። ጆንያውን ወለሉ ላይ አንጥፎ ማርጠብ የአንድ ልጅ ሥራ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ትርፍ በትንሽ ወጪ የሚገኝበት ሥራ በግንባታ ውስጥ አላውቅም።

ወረቀትና እርሳስ

አሁን ወደ ግንበኛው 50 ኩንታል እንመለስ። ስሌቱ የመሐንዲስ ምሥጢር አይደለም። ርዝመትን በወርድ፣ ወርድን በውፍረት ማባዛት የሚችል ሰው ይበቃዋል። መያዝ ያለበት ሁለት ቁጥር ነው። በአገራችን የሥራ ዝርዝሮች ላይ ሲ-25 ለሚባለው፣ ብረት ለሚገባበት አርማታ፣ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይጻፋል፤ 7.2 ከረጢት ማለት ነው። ሲ-20 ለሚባለው 320 ኪሎ ነው፤ 6.4 ከረጢት። በሣጥን ሲለካ የመጀመሪያው ወደ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና ሦስት እጅ ጠጠር፣ ሁለተኛው ወደ አንድ ለሁለት ለአራት ይጠጋል።

ከሐጂ ቤት ጋር የሚቀራረብ፣ 8 በ10 ሜትር የሆነ፣ ፎቅ የሌለው ቤት እንውሰድ። መጠኖቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የእያንዳንዱን ቤት መጠን የሚወስኑት አፈሩና መሐንዲሱ ናቸው።

ወለሉ 80 ካሬ ነው። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 8 ሜትር ኩብ አርማታ ይወጣዋል። በሲ-20 ቢሠራ 51 ከረጢት ያህል ይፈጃል።

የ12 ኮሎኖች መሠረት፣ እያንዳንዱ 80 በ80 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ውፍረቱ 25 ቢሆን፣ 1.92 ሜትር ኩብ ነው። ኮሎኖቹ ራሳቸው 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ሆነው ከመሠረት እስከ ላይ 4 ሜትር ቢቆሙ ሌላ 1.92 ነው። የታችኛው ቢም 54 ሜትር ርዝመት፣ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ 3.24 ሜትር ኩብ። የላይኛው ቢም ያንኑ ርዝመት፣ 20 በ20፣ 2.16 ሜትር ኩብ። እነዚህ ሲደመሩ 9.24 ሜትር ኩብ ይሆናሉ፤ በ7.2 ሲባዙ 67 ከረጢት ያህል።

ጠቅላላው 118 ከረጢት ያህል ነው። ለብክነት 5 ከመቶ ቢታከልበት 124 ከረጢት፣ ማለትም 62 ኩንታል። የግንቡ፣ የብሎኬቱ፣ የልስኑና የሊሾው ሲሚንቶ ገና አልተቆጠረም።

እንግዲህ ግንበኛው 50 ኩንታል ብሎ ነበር። የጎደለው 12 ኩንታል፣ 24 ከረጢት ነው። ይህ ጉድለት የሚታወቀው መቼ ነው? አርማታው ግማሽ ላይ ሲደርስ። ያን ጊዜ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ውህዱን ማቅጠን ነው፤ ይህን ማንም አያይም። ሁለተኛው ሥራውን አቁሞ ከሳምንት በኋላ መቀጠል ነው፤ አሮጌውና አዲሱ አርማታ በሚገናኙበት መስመር ቤቱ ይደክማል። ሦስተኛው በዚያው ቀን ደላላ ደውሎ በተገኘው ዋጋ መግዛት ነው። ወለሉን ግማሽ ያፈሰሰ ሰው የመደራደር አቅም የለውም፤ ዋጋውን የሚነግረው ሻጩ ነው። የግምት ዋጋ የሚከፈለው በዚህች ቀን ነው።

ሌላም አለ። የወለሉ መሬት በደንብ ሳይስተካከል ቀርቶ ውፍረቱ በአማካይ አንድ ጣት፣ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ቢጨምር 1.6 ሜትር ኩብ አርማታ ይበዛል። ከ10 ከረጢት በላይ ሲሚንቶ ማንም ሳይሰርቀው መሬት ገባ ማለት ነው። ገረጋንቲውን በልኬት ጠፍጥፎ ማስተካከል ከዚህ በብዙ ይረክሳል።

ሣጥኑና አሸዋው

ካሪዮላ መለኪያ አይደለም። አንዱ ሞልቶ ይገፋል፣ ሌላው ጎድሎ። መለኪያው ሣጥን ነው፤ ሣጥኑም ራሱ መለካት አለበት። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 35 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ወለሉ 50 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 17.5 የሆነ ሣጥን ልክ 35 ሊትር ነው። አናጢው ቁጥሩ ሙሉ እንዲሆን ብሎ ቁመቱን 20 ቢያደርገው ሣጥኑ 40 ሊትር ይሆናል። ሠራተኛው በታማኝነት ሁለት ሣጥን አሸዋና ሦስት ሣጥን ጠጠር ሲቆጥር በየሜትር ኩቡ 40 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይጎድላል። ሣጥኑ ላይ ጉብታ ከተከመረ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። አፉ ላይ በቀጥ ያለ እንጨት መስተካከል አለበት።

ወደ ጅማ የሚገባው አሸዋ ከጋምቤላና ከጨዋቃ ድረስ እየተጫነ ይመጣል። ሩቅ ስለመጣ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በአገራችን ደረጃ መሠረት በአሸዋ ውስጥ ያለው ደለል ከ6 ከመቶ ከበለጠ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት። መፈተኛው ያለቀ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። እስከ ግማሹ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃና ቁንጥር ጨው ጨምሮ በደንብ መነቅነቅ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ማስቀመጥ። አሸዋው 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከላዩ የተኛው ጭቃ ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ መኪናው ሳይራገፍ መነጋገር ይሻላል።

ርጥብ አሸዋም ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ጠባይ አለው፤ ያብጣል። ከደረቁ ይልቅ እስከ ሩብ የሚደርስ ተጨማሪ ቦታ ሊይዝ ይችላል። በሜትር ኩብ የተገዛ አንድ ገልባጭ ርጥብ አሸዋ ሩብ ያህል ካበጠ ገዢው ከአምስት እጅ አንዱን የከፈለው ለአየር ነው። ከዚህም ሌላ አሸዋው ውሃ ይዞ ይመጣል። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ የሚገባው ሁለት እጅ አሸዋ 100 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 5 ከመቶ እርጥበት ካለው 5 ሊትር ውሃ አስቀድሞ ገብቷል። ከ25 ሊትሩ ላይ ያን ያህል መቀነስ ግድ ነው።

የታመመው ውሉ ነው

እንዲህ ሲባል ግንበኛውን ሌባ ማለት ይቀልላል። እኔ በበኩሌ የታመመው ሰውየው ሳይሆን ውሉ ነው እላለሁ። በከተሞቻችን የተለመደው የእጅ ዋጋ ብቻ የሚከፈልበት ስምምነት ነው። ዕቃው የባለቤቱ፣ ጉልበቱ የግንበኛው። ግንበኛው የሚከፈለው በካሬ ከሆነ የሚያተርፈው ሲፈጥን ነው፤ የሚያፈጥነው ደግሞ ውሃ ነው። ባለቤቱ የአርማታውን ደካማነት የሚያየው ከዓመታት በኋላ፣ ቢሙ ሲሰነጠቅና ብረቱ ሲዝግ ነው። የሚያውቀው አይከፍልም፣ የሚከፍለው አያውቅም።

አንዳንድ ባለቤቶች ብልሃት ያገኙ መስሏቸው «ሲሚንቶ ካተረፍክልኝ ጉርሻ አለህ» ይላሉ። ከዚህ የከፋ ውል የለም። ቤቱን አቅጥነው ሲሠሩለት ተጨማሪ ገንዘብ ከፈለ ማለት ነው።

የተሻለው ውል ቀላል ነው። ሲሚንቶ ከመታዘዙ በፊት የሜትር ኩቡ ስሌት በወረቀት ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። ሣጥኑን ባለቤቱ ራሱ ያሠራው። ለውሃው በ25 ሊትር ጄሪካን ይለካ እንጂ ባልዲ ከሥራው ቦታ ይራቅ። ሥራው ባለቀ ቁጥር ባዶ ከረጢት ተቆጥሮ ይረከብ። ወለሉ 51 ከረጢት ይፈጃል ተብሎ 40 ባዶ ከረጢት ከተገኘ 11 ከረጢት አልተቆጠበም፤ ወይ ውፍረቱ፣ ወይ ጥንካሬው ጎድሏል። ከግንበኛው ሂሳብ ላይም ጥቂቱ ይቆይና አርማታው በአግባቡ ውሃ ጠጥቶ ሲጨርስ ይከፈል። ይህን የሚቀበል ግንበኛ ሥራውን የሚያውቅ ነውና የካሬ ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልለት አያስቆጭም።

«ይህን ሁሉ የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ አይሠራውም ወይ?» የሚል አይጠፋም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 እንዲህ ያሉ ባለ አንድ ወለል ቤቶችን በ«ሀ» ምድብ፣ ቀላል በተባለው መደብ ውስጥ ነበር ያስቀመጣቸው። የትንሽ ቤት ዋና ተቆጣጣሪ ባለቤቱ ነው። እርሱ ካልቻለም ባለሙያ ሩቅ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል መሐንዲሶችን እዚያው ከተማው ውስጥ ያስመርቃል። አንድ ወጣት መሐንዲስ ለሁለት ቀን ቢቀጠር የሚከፈለውን ከ24 ከረጢት ሲሚንቶ ዋጋ ጋር አንባቢ ራሱ ያመዛዝነው።

ለነጋዴውና ለደላላው

ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ የገበያ ገጽ ላይ ባልጻፍኩት። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ሲሚንቶ ከገበያ ሲጠፋ ያየነው አንድ ነገር አለ። የሚያስፈልገውን የማያውቅ ሰው የሚገዛው የፍርሃቱን ያህል ነው። 62 ኩንታል የሚበቃው ሰው 80 ያዝዛል፤ ጎረቤቱም እንደዚያው። በዚህ ጊዜ ገበያው የሚያየው የቤቶቹን ፍላጎት ሳይሆን የፍርሃቱን ድምር ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። 50 ያለው ደግሞ ግማሽ ላይ ሲያልቅበት ተሯሩጦ ይመጣና እላዩ ላይ ይጨምርበታል። አብዝቶ መገመትም ሆነ አሳንሶ መገመት መጨረሻቸው ዋጋ መስቀል ነው።

የተከማቸው ሲሚንቶ ደግሞ እንደ ቡና አይደለም። በደንብ የደረቀ ቡና ዋጋ እስኪወጣ መጋዘን ውስጥ ይጠብቃል። ሲሚንቶ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ የጅማ አየር ደግሞ እርጥብ ነው። ሦስት ወር የተቀመጠ ከረጢት ከጥንካሬው አምስተኛውን ያህል ሊያጣ ይችላል። ከመሬት በእንጨት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ርቆ፣ በሸራ ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይውጣ። በእጅ ተጨፍልቆ የማይፈርስ ጓል የያዘ ሲሚንቶ ለኮሎንና ለቢም አይሁን።

መኪናውንም ማሰብ ይገባል። በቡናው ወቅት ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የወጣ መኪና ባዶውን ከሚመለስ ሲሚንቶ ጭኖ ቢመለስ ባለመኪናውም ባለቤቱም ይጠቀማሉ። ወቅቱ ሲያልፍ ግን ሲሚንቶው የደርሶ መልሱን ኪራይ ለብቻው ይሸከማል። ይህን ዕድል ሊጠቀምበት የሚችለው ስንት ከረጢት በየትኛው ሳምንት እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ የጻፈ ሰው ብቻ ነው። ደላላም ቢሆን «62 ኩንታል፣ በታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት» የሚል ደንበኛ ይሻለዋል፤ አምስት እንዲህ ያሉ ቤቶችን ካገናኘ አንድ ሙሉ ጭነት አለው።

ሐጂ ሚዛን አላቸው። ከወረደው ሲሚንቶ ላይ አሥር ከረጢት መዝነው አማካዩ 48 ኪሎ ቢሆን፣ ከ124 ከረጢት ላይ 248 ኪሎ፣ ማለትም አምስት ከረጢት ያህል እንደጎደለባቸው በደቂቃ ያውቃሉ። የመመዘን ልማዱም አላቸው፤ አርባ ዓመት በቡና ላይ ኖረውበታል። ይህን ልማድ ከመጋዘኑ ወደ ግንባታው ግቢ ማሻገር ብቻ ነው የቀራቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 30 እርምጃ አይሞላም።